የተነፈሰ ጎማ ሒሳብ፦ መለጠፍ ወይስ መለወጥ?

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ተረት ስለ ጎማ የተነገረ ባይሆንም ለሞተር ሳይክል ጎማ የሚስማማውን ያህል ለሌላ ነገር የሚስማማ አይመስልም። በአንዲት ምስማር ጫፍ የተበሳ ከመነዳሪ እዚያው ቆሞ ቢጠገን ወጪው ጥቂት ነው። ባለሞተሩ «እስከ ከተማ ብቻ ያድርሰኝ» ብሎ በተነፈሰው ጎማ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ከነዳው ግን ከመነዳሪው ይተለተላል፣ የውጭ ጎማው ጠርዝ ይበላል፣ ቸርኬውም ይጣመማል። የልጣፍ ዋጋ የነበረው ጉዳይ የጎማ፣ የከመነዳሪና የቸርኬ ዋጋ ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ይህ የጋራዥ እንጂ የገበያ ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር፣ ገበያውን ከገበያ የሚያገናኘው ሁልጊዜ የጭነት መኪና አይደለም። የእህል ናሙና፣ የስልክ ካርድ፣ መድኃኒት፣ የበግ ነጋዴና የግብርና ባለሙያ በሁለት ጎማ ይጓዛሉ። በከተማው ውስጥ ደግሞ ሦስት እግር ያለው ባጃጅ ሰውንም ዕቃንም ያመላልሳል። ስለዚህ ጎማ ሲተነፍስ የሚቆመው ተሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን በላዩ የተጫነው ንግድ ነው።

ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኩታበር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማዋ ለደሴ ገበያ ቅርብ ብትሆንም ከጀርባዋ ያለው የአምባሰልና የተንታ አገር፣ ወደ በሽሎ ተፋሰስ የሚወርደው ቁልቁለትና ገደል ለጎማ የሚራራ አይደለም። አንድ የእህል ደላላ ይታሰብ። ከተንታ አቅጣጫ የምስር ናሙና ይዞ በማለዳ ይነሳል። ከደሴ የመጣው ገዥ ከረፋዱ በፊት ዋጋ ቆርጦ መጫን ይፈልጋል። ደላላው መንገድ ላይ የኋላ ጎማው ይተነፍሳል፤ ሞተሩን እየገፋ ጎሚስታ ቤት ሲደርስ ጎማውን የሚፈታው ወጣት ከመነዳሪውን አውጥቶ ያሳየውና «ጋሼ፣ ይህ እኮ አራት ልጣፍ አለበት። አምስተኛውን ልለጥፍልዎት ወይስ አዲስ ላስገባ?» ይለዋል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ የቁሳቁስ ዋጋ፣ የጊዜ ዋጋ፣ የደኅንነትና የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ሁሉ አለበት። አብዛኛው ባለሞተር መልሱን የሚሰጠው በኪሱ ባለው ብር ልክ ነው። ይህ ትምህርት ደግሞ መልሱ በሒሳብ እንዴት እንደሚሰጥ ያሳያል።

ጎማውን የሸጠው ጥገናው ነው

በአየር የሚነፋ ጎማ ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ነው። ከእርሱ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦ የነበረ ቢሆንም ብስክሌት ገና ስላልተስፋፋ ገዥ አላገኘም። የደንሎፕ ጎማ ለተቀመጠበት ሰው ምቹና ፈጣን ነበር። ችግሩ ጎማው በቸርኬው ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ አንድ ብስክሌተኛ ጎማው ተበስቶበት ወደ ሚሽሊን ወንድማማቾች የላስቲክ ፋብሪካ ሄደ። ጎማውን አላቅቆ ለመጠገን ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ደግሞ ሌሊቱን ማሳደር አስፈለገ። ወንድማማቾቹ ኤድዋርና አንድሬ ከዚህ የተረዱት ነገር የገበያ ትምህርት ነው፦ ሰው ምቹ ጎማ ይወዳል፣ ነገር ግን በተበሳ ቁጥር ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ጎማ አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1891 ከቸርኬው የሚፈታ ጎማ ሠርተው መብቱን አስመዘገቡ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን የተባለው ብስክሌተኛ በዚሁ ጎማ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የፓሪስ፣ ብረስት፣ ፓሪስ ውድድር አሸነፈ።

ዛሬ በኩታበር መንገድ ዳር በሁለት ብረት የሚፈለቀቀው ጎማ የዚያ ፈጠራ ልጅ ነው። ከመነዳሪ (አንዳንዱ ካላማዳሪ ይለዋል)፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት በጣሊያንኛ በኩል ወደ እኛ ቢመጡም የሥራው ፍሬ ነገር ያው ነው፤ የጥገና ጊዜ ባጠረ ቁጥር የጎማው ዋጋ ለባለቤቱ ይጨምራል።

ጎማን የሚበሳው ምንድን ነው?

መፍትሔውን ለመምረጥ ምክንያቱን ማወቅ ይቀድማል። ምክንያቶቹ በአጠቃላይ አምስት ናቸው።

አንደኛው ሹል ነገር ነው። በገጠሩ የግራር፣ የቀጋና የአጋም እሾህ፣ በከተማው ደግሞ ቤት በሚሠራበት ሠፈር የሚወድቅ የቆርቆሮ ምስማር ዋነኞቹ ናቸው። ሁለተኛው መቆንጠጥ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይያዝና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል፤ ምክንያቱ ድንጋዩ ቢመስልም ጥፋቱ የአየሩ ማነስ ነው። ሦስተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው። የቸርኬው ሽቦ (ራጂ) ጫፍ ሲወጣ ወይም በቸርኬው ዙሪያ የሚጠለቀው የጎማ ቀበቶ ሲበጠስ ከመነዳሪው በውስጥ ወገኑ ይበሳል። አራተኛው የቫልቭ ችግር ነው። ይህም ወይ መዝጊያው አየር ያሳልፋል፣ ወይ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ከሥሩ ይቀድደዋል። አምስተኛው ዕድሜ ነው። ላስቲክ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከዘይት ጋር በቆየ መጠን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም።

ቀዳዳው የት እንደሆነ ምክንያቱን ይናገራል። በውጭ ወገን ያለ አንድ ቀዳዳ እሾህ ወይም ምስማር ነው። ጥንድ ቀዳዳ የአየር ማነስ ነው። በውስጥ ወገን ያለ ቀዳዳ ራጂውን ፈትሽ ይላል። ይህን ሳያነብ ልጣፍ ብቻ ለጥፎ የሚሸኝ ጎሚስታ ደንበኛውን በማግስቱ መልሶ ያገኘዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ደንበኛው ከገንዘቡ ጋር እምነቱንም አጥቷል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ባለሞተሩ ራሱ ባይሠራው እንኳ ሥራው በትክክል መሠራቱን ለመቆጣጠር ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅመዋል።

1. ጎማው እንደተነፈሰ ሲታወቅ ፍሬን በድንገት ሳይያዝ ነዳጁ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ የተነፈሰው ጎማ ፊተኛው ከሆነ የኋላው ፍሬን፣ ኋለኛው ከሆነ የፊቱ ፍሬን በዝግታ ይያዛል። ሞተሩ ከመንገዱ ወጥቶ በጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። ጭነት ካለ ይወርዳል።

2. ጎማው ከመፈታቱ በፊት ቫልቩ ያለበት ቦታ በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ በኋላ ቀዳዳውን ከምስማሩ ቦታ ጋር ለማገናኘት ይረዳል።

3. የኋላው እግር ከሆነ የፔርኖው ዳዶ፣ የፍሬኑ ዘንግና የፍሬን ቤቱን የሚይዘው ክንድ ይፈታሉ፤ ካቴናው ይወልቃል። የካቴናው መወጠሪያ በግራና በቀኝ በስንተኛው ጭረት ላይ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

4. የቫልቩ የውስጥ መዝጊያ ወጥቶ አየሩ ፈጽሞ ይለቀቃል። የጎማው ጠርዝ በእግር ተረግጦ ከቸርኬው ይላቀቃል። ከቫልቩ ትይዩ ያለው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ ሲገፋ በቫልቩ በኩል ያለው ይላላል፤ መፈልቀቂያ ብረቱ የሚገባውም በዚሁ በላላው በኩል ነው። ይህን ሥርዓት የማያውቅ ሰው በጉልበት ይታገልና ከመነዳሪውን ራሱ ይበሳዋል።

5. ከመነዳሪው ወጥቶ ይነፋና በውኃ ውስጥ ይዞራል። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ቀዳዳ ተገኘ ተብሎ መቆም አይገባም፤ ዙሪያው በሙሉ፣ ቫልቩም ጭምር፣ ይታያል።

6. የውጭ ጎማው ውስጡ በጨርቅ ይዳሰሳል። ምስማሩ ወይም እሾሁ ካልወጣ አዲስ ከመነዳሪ ቢገባም ያው ይበሳል። በባዶ እጅ መዳሰስ ግን ጣት ያስወጋል።

7. ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የሚያብረቀርቀው ቆዳ ይለቅቃል፤ ቦታው ይጸዳል፣ ይደርቃል። ከልጣፉ ሰፋ ተደርጎ ማስቲሽ በስሱ ይቀባል። እዚህ ላይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ይሠራል። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ልጣፍ አይዝም፤ በጣት ጀርባ ሲነካ የማያጣብቅ እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያም ልጣፉ ተደርጎ ከመሐል ወደ ዳር በኃይል ይጫናል። በጋለ ብረት የሚሠራው ጥገና ደግሞ በሙቀት ላስቲኩን ከላስቲክ ጋር ያዋሕዳል፤ በአግባቡ ከተሠራ ጠንካራ ነው፤ ከልክ ካለፈ ግን ዙሪያውን ያቃጥለዋል።

8. ከመነዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ተነፍቶ ይገባል። ጎማው ሲመለስ ከቫልቩ ትይዩ ተጀምሮ በቫልቩ በኩል ይጨረሳል፤ ጠርዙ የሳሙና ውኃ ቢቀባ ያለ ብዙ ኃይል ይገባል። በዚህ ጊዜ መፈልቀቂያ ብረት በከመነዳሪውና በቸርኬው መካከል እንዳይገባ ጥንቃቄ ይሻል። ከአዲስ ጥገና በኋላ ወዲያው የሚከሰተው መተንፈስ ብዙ ጊዜ የዚህ ስሕተት ውጤት ነው።

9. ጎማው ሲነፋ በጎኑ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ በዙሪያው እኩል መራቁ ይታያል። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

10. እግሩ ሲገጠም በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ማሳየት አለበት። የካቴናው ልክ ይስተካከላል፣ ፔርኖው ይጠብቃል፣ የፍሬን ቤቱ ክንድ በቦታው ይታሰራል። ይህ ክንድ ተረስቶ የሄደ ሞተር ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት እግሩ ሊቆልፍ ይችላል። ስለሆነም ባለሞተሩ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ፍሬኑን ደጋግሞ ይሞክር።

ልጣፍ የሚበቃው መቼ ነው?

በከመነዳሪው አካል ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ልጣፍ ይበቃዋል። ከዚህ በታች በተጠቀሱት ጊዜያት ግን ከመነዳሪው መለወጥ አለበት፦ ቀዳዳው በቫልቩ ሥር ሲሆን፣ ቀዳዳ ሳይሆን ረዥም ቅዳድ ሲሆን፣ ልጣፍ በልጣፍ ላይ ሊደረብ ሲሆን፣ እንዲሁም ላስቲኩ ሲለጠጥ የሚሰነጠቅ ሲሆን።

የውጭ ጎማውን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው። የውስጥ ክሩ ከታየ፣ ጎኑ ከተቀደደ ወይም ካበጠ፣ ጠርዙ ውስጥ ያለው ሽቦ ከተሰበረ፣ ጥርሱ እስከ ማመልከቻው እብጠት ድረስ ካለቀ ጎማው ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። በውስጥ በኩል ቁራጭ ጎማ አስገብቶ መንዳት ጋራዥ እስኪደረስ የሚደረግ ማስታገሻ ነው። ከመነዳሪ የሌላቸው ጎማዎችም በአንዳንድ ሞተሮች ላይ አሉ። እነዚህ በጥርሱ ክፍል ላይ እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቀዳዳ ከሆነ ይደፈናሉ፤ ጎናቸው ከተበሳ ግን ወደ ሌላ ጥቅም ይሂዱ።

ሒሳቡ

ከዚህ በላይ ያለው የግድ የሆነው ነው። ምርጫ የሚመጣው ከመነዳሪው ለአምስተኛ ጊዜ መለጠፍ የሚችል ሆኖ ሳለ አዲስ መግዛትም ሲቻል ነው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በየከተማው ዋጋ ይተካቸው።

መለጠፊያው 150 ብር፣ አዲሱ ከመነዳሪ 700 ብር ነው ይባል። ልዩነቱ 550 ብር ነው። ደላላው መንገድ ላይ ሲቆም የሚያጣው የኮሚሽን ገቢ በአማካይ 1,000 ብር ከሆነ፣ አንድ መቆም ከነመለጠፊያው 1,150 ብር ያስወጣዋል። 550 ለ1,150 ሲካፈል 0.48 ገደማ ይመጣል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ አሮጌው ከመነዳሪ ከአዲሱ በላይ አንድ ጊዜ የማስቆም ዕድሉ ከመቶ 48 ከበለጠ አዲስ መግዛት ያዋጣል። አራት ልጣፍ ያለበትና የደረቀ ከመነዳሪ ይህን ያህል ዕድል አለው ብሎ መገመት ማጋነን አይሆንም።

አሁን ደግሞ ሞተሩን ለቤት ጉዳይ ብቻ የሚያወጣ ሰው ይታይ። ቢቆም የሚያጣው የ200 ብር ጊዜ ነው እንበል፤ ከመለጠፊያው ጋር 350 ብር። 550 ለ350 ሲካፈል ከ1 ይበልጣል። ይህ ማለት አንድ ተጨማሪ መቆም በእርግጠኝነት ቢመጣ እንኳ ለዚህ ሰው መለጠፍ ይረክሳል ማለት ነው። እንግዲህ ያው ከመነዳሪ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጎሚስታ ቤት ለአንዱ መለወጥ ለሌላው መለጠፍ ይገባዋል። ልዩነቱን ያመጣው ላስቲኩ ሳይሆን የባለቤቱ ጊዜ ዋጋ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ስሌት ሦስተኛ መንገድም ይወጣል። ደላላው አዲስ ከመነዳሪ ገዝቶ፣ አሮጌውን በደንብ አስለጥፎ ከሁለት መፈልቀቂያ ብረት፣ ከትንሽ መንፊያና ከአንድ ቁልፍ ጋር ከመቀመጫው ኋላ ቢይዝ፣ መንገድ ላይ ቢቆም የሚያጣው ግማሽ ቀን ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይሆናል። አሮጌው ከመነዳሪ መጠባበቂያ ሆኖ ዋጋውን ያወጣል።

ይህ ስሌት ግን ወሰን አለው። ክሩ ለታየ ጎማ አይሠራም። ሰው ከኋላ አስቀምጦ ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማ ቢፈነዳ የሚጠፋውን ነገር በብር አስቀምጦ ማካፈል አይቻልም። ብዙ ነጋዴ «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የሚደርስበት እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ጎማ ሲገዛ

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የዕቃው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። 3.00-17 የሚል ከሆነ ስፋቱ 3 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ ደግሞ 17 ኢንች ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው ባጃጅ ቦክሰር ሞተር ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17 ይጠቀማል፤ ለባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ የሚሆነው 4.00-8 ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የጭነት አቅሙ ነው። ለምሳሌ 50 የሚለው 190 ኪሎ ግራም፣ 44 የሚለው 160 ኪሎ ግራም የሚችል መሆኑን ይገልጻል። እህል ጭኖ የሚሄድ ሰው ዋጋውን ብቻ አይቶ አነስተኛውን ቢገዛ ቁጠባው ለአጭር ጊዜ ነው።

በጎኑ ላይ በክብ መስመር ውስጥ የተቀመጡ አራት አኀዞች የተመረተበትን ጊዜ ያሳያሉ። 2324 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። በመጋዘን ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷል። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመም እንዲሁ ነው። ገዥው በጥፍሩ ጫን ብሎ፣ ጎኑን አጠፍ አድርጎ ስንጥቅ መኖሩን ይመልከት።

ዋጋን በተመለከተ ርካሹ ጎማ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። በምሳሌ፣ 3,000 ብር ተገዝቶ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ ከ150 ብር መግጠሚያ ጋር በኪሎ ሜትር 31.5 ሣንቲም ያስወጣል። 2,000 ብር ተገዝቶ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ከመግጠሚያው ጋር 43 ሣንቲም ይመጣል። መጠየቅ ያለበት «ስንት ብር ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ነው። ይህንንም የሚያውቀው ሻጩ ሳይሆን ደብተር የያዘ ባለሞተር ነው።

አዲስ የውጭ ጎማ ሲገባ አዲስ ከመነዳሪ አብሮ ቢገባ ይመረጣል፤ አሮጌው ተለጥጦ ስለሚሰፋ በአዲሱ ውስጥ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ይበሳል። አሮጌውም ቢሆን አይጣልም። የከመነዳሪ ቁራጭ ዕቃ ማሰሪያ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንቱን እንዳጫማ የሚታወቅ ነው።

ምንዛሪው በጎማው ውስጥ

ለባለሀብቱ አንባቢ ደግሞ ሌላ ነጥብ አለ። በአዲስ አበባ በ1960ዎቹ የተቋቋመው አዲስ ጎማ ፋብሪካ በዋነኛነት የሚታወቀው በመኪና ጎማ ነው፤ የሞተር ጎማ፣ ከመነዳሪና ማስቲሽ በአብዛኛው ከውጭ ይገባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ከፍ ማለቱ፣ ከዚያም ጭማሪው መቀጠሉ ይታወሳል። ምንዛሪው ከፍ ባለ ቁጥር የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ይጨምራል፤ የጎሚስታው ጉልበት ግን በዚያው ፍጥነት አይጨምርም። ስለሆነም በመለወጥና በመለጠፍ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ይሰፋል፣ ሰውም ወደ ልጣፉ ያደላል። በዚህ ጊዜ የጥገና ሥራ ይደራል፤ ከልክ በላይ ያገለገሉ ጎማዎችም በመንገዱ ላይ ይበዛሉ። ሁለቱም የአንዱ ምክንያት ውጤቶች ናቸው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን የሰሙ አንዳንዶች ከተሽከርካሪ ጋር የተያያዘ ንግድ ሁሉ አደጋ ላይ ነው ይላሉ። ጎማ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ዘይት አይቀይርም፣ ካንዴላ አይለውጥም፤ እሾህ ሲወጋው ግን እንደሌላው ይተነፍሳል።

ጎሚስታነት እንደ ንግድ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። መፈልቀቂያ ብረቶች፣ ቁልፎች፣ የውኃ ገንዳ፣ መንፊያ ወይም ኮምፕሬሰር፣ የአየር መለኪያ፣ ልጣፍና ማስቲሽ ይበቃሉ። ገንዘቡን የሚይዘው መሣሪያው ሳይሆን የመደርደሪያው ዕቃ ነው። በመሆኑም የትኛው ቁጥር በአካባቢው እንደሚዞር ሳያጠኑ ከየዓይነቱ መግዛት ገንዘብን በላስቲክ መልክ ማስቀመጥ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ያረጃል እንጂ አይወልድም። ጥቂት የከመነዳሪ ቁጥሮችን ይዞ ቶሎ ቶሎ ከደሴ ማስመጣት ለደሴ ቅርብ ለሆነችው ኩታበር ያዋጣል። ከደሴ በእጅጉ የሚርቀው የመካነ ሰላም ነጋዴ ግን መጓጓዣው ስለሚከብደው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢያመጣ ይሻለዋል።

ቦታ ከሁሉ ይበልጣል። የገበያ መግቢያ፣ የመንገድ መገናኛ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለ ሜዳ ጥሩ ነው። ሥራው የሚያድገው ግን በእምነት ነው። የተጠገነበትን ቀን በጠመኔ ጽፎ የሚሰጥ፣ የወጣውን ምስማር ለባለቤቱ የሚያሳይ፣ ልጣፉ በዚያው ቦታ ቢለቅ በነጻ የሚሠራ ጎሚስታ ደንበኛው ከእርሱ ሌላ አይሄድም። አንዳንዱ ወረት እንዲበዛለት በመንገድ ላይ ምስማር ይበትናል የሚል ወሬ በየከተማው ይሰማል። እውነት ሆኖ ከተገኘ ወንጀል ነው፤ በንግድ ሚዛንም ቢታይ ኪሳራ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ስም አንዴ ከተበሳ ልጣፍ አይዘውም።

ለባለሞተሩ የመጨረሻው ምክር ከሁሉ ርካሹ ነው። ጎማ ሳይሞቅ፣ በማለዳ ከመነሳት በፊት፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ አየሩ ይለካ። ለትንንሾቹ ሞተሮች በተለምዶ ከፊት 25፣ ከኋላ ብቻውን ለሚጓዝ 28፣ ሰው ወይም ጭነት ለሚያስከትል 32 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይነፋል፤ ትክክለኛው ልክ በየሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ከብጫማው ደጋ ብርድ ተነስቶ ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው ጎማው ሞቆ ስለጠነከረ ብቻ አየር ማስተንፈስ የለበትም፤ ሲበርድ ያንሰዋልና።

ያ ደላላ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ምናልባት ጎማው ባልተበሳ ነበር። ቢበሳም እንኳ መጠባበቂያውን አስገብቶ ከረፋዱ በፊት ኩታበር በደረሰ፣ የምስሩንም ዋጋ ሌላ ሰው ባልቆረጠለት ነበር።